ሞተሩ ሲያንኳኳ፦ ኦቨርሆል ወይስ ቅያሪ?

እውነት ወይስ ተረት?

ሞተር ሲያንኳኳ መካሪ አይጠፋም። ጎረቤት «ወፍራም ዘይት ጨምርበትና ተገላገል» ይላል። የሥራ ባልደረባ «ኦቨርሆል የነካው ሞተር ዓመት አይሞላውም፤ የዱባይ ሞተር ፈልግ» ብሎ ይመክራል። ደላላው ደግሞ ሞተሩን ከነዋጋው ይዞ ከተፍ ይላል። የሚገርመው ሁሉም ፍርዱን የሚሰጠው ሞተሩ ሳይከፈት ነው።

ፍርዱ ከተሳሳተ ዛሬ የሚያስከፍለው ከቀድሞው ይከብዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ መለዋወጫም ሞተርም፣ ተወደደ። በእጅ ያለው ቪትዝ፣ ኮሮላ ወይም ሃይስ በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል።

ማሠራት ይሻላል ወይስ መቀየር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ልኬት ነው። ለልኬቱ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ከሁለቱም ምርጫዎች ወጪ አንጻር ኢምንት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ተረቶች ሁሉ የሚያመሳስላቸው ይህን አንድ እርምጃ መዝለላቸው ነው።

ተረት 1፦ «ሞተር ካንኳኳ ቢየላ መቷል፤ አለቀለት»

እውነቱ፦ ሞተር ውስጥና ዙሪያው የሚያንኳኳ ነገር ብዙ ነው፤ ከፊሉ ሞተር አያስወርድም። ሞተሩን የተሸከመው ጎማ ሲቀደድ፣ የክራንኩ ፑሊ ሲላላ፣ ማርሚታው ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጭስ ሲያሾልክ ሁሉ ሰው «ሞተር መታ» ብሎ ይደነግጣል። ድምፁን ለመለየት ሦስት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፦ መቼ ይሰማል? ሞተሩ ሲሞቅ ይብሳል ወይስ ይቀንሳል? ጭነት ሲበዛበትስ?

ጠዋት ሲነሳ ኳ ኳ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የፒስቶን ነው። ያረጀ ፒስቶን ቀዝቃዛ እያለ ሲሊንደሩ ውስጥ ይንገዋለላል፤ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱን ይሞላል። እንዲህ ያለው ሞተር ዘይት መብላት እስካልጀመረ ድረስ ለረጅም ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ከላይ፣ ከቴስታታው ክዳን ሥር የሚሰማ ቀጭን ትክ ትክ የቫልቭ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሬጂስትሮ፣ ማለትም የቫልቩን ክፍተት በማስተካከል፣ ይፈታል።

ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ጠጠር የሚሰማው የቃጠሎ ችግር ነው። ነዳጁ በጊዜው ከመቃጠል ይልቅ በግፊትና በሙቀት ራሱ ይፈነዳል። እዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር ልዩ ሚና አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን እንኳ ላያንኳኳ ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ደጋማ ከተማ ዴንቨር 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በቆላው የአገሪቱ ክፍል መደበኛው 87 ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ዝም ብሎ የኖረ መኪና ወደ መተሐራና አዋሽ ሲወርድ ማንኳኳት ከጀመረ ሞተር ከማስወረድ በፊት ነዳጁን፣ ካንዴላውንና የማቀጣጠያውን ጊዜ መመርመር ይቀድማል። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተቀዳ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ስለሚወርድ ይህንኑ ድምፅ ያመጣል። በትልቅ ማርሽ ዳገት ለመውጣት መታገልም እንዲሁ።

የቢየላ፣ ማለትም ፒስቶንን ከክራንክ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ምት ጠባዩ ሌላ ነው። ከታች፣ ከኮፓው (ከዘይት ማጠራቀሚያው) በኩል ይሰማል። ሞተሩ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን ይብሳል። ነዳጅ ተሰጥቶ ድንገት ሲለቀቅ ጎልቶ ይወጣል። ቁርጡን ለማወቅ መካኒኩ የየሲሊንደሩን የካንዴላ ገመድ ወይም ኮይል አንድ በአንድ ይነቅላል፤ የአንዱ ሲሊንደር ሥራ ሲቋረጥ ምቱ በግልጽ ከቀነሰ ጥርጣሬው እዚያ ላይ ያርፋል። በቀድሞዎቹ የሃይስ ዲዝል ሞተሮች፣ በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል ላይ፣ የኢንጄክተሩን ቧንቧ በማላላት ይኸው ሙከራ ይሠራል። በኋላ በመጣው ኮመን ሬይል የሃይስ ሞተር፣ በ2ኬዲ፣ ላይ ግን ይህን መሞከር አደገኛ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊያልፍ ስለሚችል የሚፈናጠረው ነዳጅ ቆዳ ይበሳል። እዚያ ላይ ኢንጄክተሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚቋረጠው።

ተረት 2፦ «ወፍራም ዘይት ድምፁን ያጠፋዋል»

እውነቱ፦ ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል። ጉዳቱን ግን አያጠፋም። ቢየላውና ክራንኩ ብረት ለብረት እንዳይነካኩ በመሐላቸው ብሮንዚን የሚባል ስስ፣ ለስላሳ ብረት የተለበጠበት ግማሽ ክብ አለ። በብሮንዚኑና በክራንኩ መካከል ያለው ክፍተት በብዙ የመኪና ሞተሮች ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ክራንኩ ሲሽከረከር ዘይቱ በዚያ ክፍተት ውስጥ ተጨምቆ ስስ ንጣፍ ይሠራል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ያ ንጣፍ ነው። ብሮንዚኑ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ንጣፉ ይሰበራል፣ ቢየላው መምታት ይጀምራል።

ወፍራም ዘይት በሰፋው ክፍተት ውስጥ ምቱን ለጥቂት ጊዜ ያለዝበዋል፤ የተበላውን ብረት ግን አይመልስም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ወፍራሙ ዘይት ቴስታታው ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራ የቫልቭ ማስተካከያ ያላቸው፣ ቪቪቲ-አይ የሚባሉት የቶዮታ ሞተሮችም ከታዘዘላቸው በላይ የወፈረ ዘይት ሥራቸውን ያውከዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ዘዴ ቢያውቀው ይጠቅመዋል፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ዘይቱ ቀጥኖ ሳለ ሳያዳምጡ ዋጋ አይነጋገሩ።

ተረት 3፦ «ቀስ ብዬ ከነዳሁት ደመወዝ እስኪወጣ ያደርሰኛል»

እውነቱ፦ ይህ ከሁሉም ተረት ውዱ ነው፤ የጥገናውን ዓይነት የሚወስነው ሞተሩ የጠፋበት ሰዓት ነውና። ምቱ እንደተሰማ የቆመ ሞተር ብዙ ጊዜ ክራንኩ ገና አልተጎዳም፤ በልኩ ሆኖ ከተገኘ አዲስ ብሮንዚን ሊበቃው ይችላል። ትንሽ ከተነዳ ክራንኩ ይጫጫራል፤ ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች በማሽን የሚሞረዱበት ቦታ) ሄዶ መሞረድ አለበት። ከዚያ በኋላ ብሮንዚኑ ከመቀመጫው ተነቅሎ መሽከርከር ይጀምራል፤ የቢየላው ዓይን በሙቀት ይጠቁራል፣ ቢየላውም ከጥቅም ውጪ ይሆናል። የመጨረሻው የቢየላው ቡሎን ተበጥሶ ቢየላው ብሎኩን በስቶ ሲወጣ ነው። በዚያን ጊዜ «ኦቨርሆል ወይስ ቅያሪ?» የሚባል ጥያቄ የለም፤ ምርጫው አብሮ ተበስቷል።

ቀስ ብሎ መንዳት አያድንም፤ በዝቅተኛ ዙር የዘይት ግፊቱም ዝቅተኛ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከታች ምት የተሰማበት መኪና ወደ ጋራዥ የሚሄደው ተጎትቶ ነው። የጉተታው ዋጋ ከአንድ ክራንክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

ተረት 4፦ «የዘይት መብራቱ ካልበራ ዘይቱ ደህና ነው»

እውነቱ፦ ዳሽቦርድ ላይ ያለው ቀይ መብራት በብዙ መኪኖች የሚበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ወይም 0.5 ባር ሲወርድ ነው። ይህ ሞተሩ ሊሞት ሲል የሚጮህ ደወል እንጂ የጤንነት መለኪያ አይደለም። ትክክለኛው ልኬት ሴንሰሩ ተፈቶ በቦታው የእጅ ጌጅ ሲታሰርና ሞተሩ ሞቆ ሲነበብ ነው። መካኒኮች እንደ ግምት የሚጠቀሙበት ሕግ በየ1,000 ዙሩ ቢያንስ 0.7 ባር ያህል ግፊት መኖር አለበት የሚል ነው። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሞተሩ አምራች ያወጣው ቁጥር ነው።

ከጌጁ ቀጥሎ የዘይት ፊልትሩ ተቆርጦ ይከፈት። የፊልትሩ ወረቀት እጥፋቶች መካከል የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ማግኔት ያስጠጉበት። ማግኔት የሳበው ብረት ነው፤ ከሲሊንደር፣ ከክራንክ ወይም ከካምሻፍት ሊመጣ ይችላል። ማግኔት ያልሳበው፣ ብርማ ወይም መዳብማ ቀለም ያለው ስንጥር ብዙውን ጊዜ የብሮንዚን ነው። ይህ ምርመራ ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ነው፤ ግን ብዙ ጋራዦች ካልተጠየቁ አይሠሩትም።

ተረት 5፦ «ብሮንዚኑን ብቻ ቀይረው ይበቃል»

እውነቱ፦ አንዳንድ ጊዜ ይበቃል፤ ግን ይህን መናገር የሚቻለው ክራንኩ በማይክሮሜትር ከተለካ በኋላ ነው። ኮፓውን ከሥር አውርዶ የቢየላ ብሮንዚኖችን መቀየር በብዙ መኪኖች ሞተሩ ሳይወርድ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ያጓጓል። ችግሩ ክራንኩ ክብነቱን ካጣ ይመጣል። የክራንኩ መቀመጫ በ0.02 ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ ሞላላ ከሆነ አዲሱ ብሮንዚን በአንድ ወገን ይጫናል፣ በሌላው ይላላል፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ድምፅ ይመለሳል። «ቀየርነው፣ አልጠቀመውም፣ ሞተሩ አይሠራም» የሚባለው አብዛኛው ታሪክ የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

ክራንኩ ከተጎዳ ሬቲፊካ ቤት ይሞረድና ከስታንዳርድ ልኩ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ይገባለታል። ብሮንዚኑ ከመገዛቱ በፊት ክራንኩ ይለካል እንጂ ብሮንዚን ገዝቶ ክራንክ አይመረጥም። ሲገጠምም ክፍተቱ በፕላስቲክ ክር መለኪያ ይፈተሻል፤ አንዳንድ ሞተሮች የቢየላ ቡሎናቸው ሲጠብቅ ስለሚለጠጥ ዳግም መጠቀም ክልክል ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት ሌላው ነገር እጥበት ነው። ብሮንዚን ሲፈርስ ብናኙ በዘይት ተሸክሞ በሞተሩ ውስጥ ይሰራጫል፦ በክራንኩ የውስጥ ቦዮች፣ በዘይት ማቀዝቀዣው፣ በቱርቦው፣ በዘይት ፓምፑ ውስጥ ያድራል። የብሎኩ የዘይት ቦዮች መድፈኛቸው ተነቅሎ በብሩሽና በግፊት ካልታጠቡ አዲሱ ብሮንዚን በአሮጌው ፍርስራሽ ይበላል። የዘይት ፓምፑ ተከፍቶ ይለካ፤ ከተጫጫረ ይቀየር። ኦቨርሆል ዕድሜ የለውም የሚባለው ስም የመጣው ከኦቨርሆል ሳይሆን ከእነዚህ ከተዘለሉ ሥራዎች ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ብሮንዚኑ ለምን እንደፈረሰ መታወቅ አለበት። ዘይት አልቆ ነበር? ዘይቱ ሳይቀየር ቆይቶ ጭቃ ሆኖ ነበር? ወይስ ሞተሩ ሞቆ ነበር? ሞቅታው በደጋ አገር ልዩ አደጋ ነው። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ የሚከፈተው ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው በመደበኛው ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ልዩነት አሥር ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ይህም ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ባዶ ውኃ ሲሞላበት ነው። ሞተር ሲፈላ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ብሮንዚኑም ይቃጠላል። የራዲያተር ክዳን ሳይለውጥ ሞተር የለወጠ ሰው ሁለተኛ ሞተር ለመግዛት መንገድ ጀምሯል።

ተረት 6፦ «ኮምፕሬሽኑ ከመጽሐፉ ቁጥር ካነሰ ሞተሩ ደክሟል»

እውነቱ፦ የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል አካባቢ ነው። በባሕር ወለል ላይ 13 ባር የሚያሳይ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር አዲስ አበባ ላይ ቢለካ ወደ 10 ባር ሊጠጋ ይችላል፤ የሚጨምቀው አየር ሲጀመር በሩብ ያነሰ ነውና። በዚህ ምክንያት ብቻ «ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ጨርሷል» ተብሎ ለኦቨርሆል የሚፈረድበት ሞተር ሊኖር ይችላል።

ይበልጥ የሚታመነው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ልዩነታቸው ከ1 ባር ካልበለጠ፣ ከላይ ያለው ክፍል ብዙም አይከፋም። አንዱ ብቻ ከወደቀ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ይህ ልኬት ለውሳኔው ወሳኝ ነው፦ ከታች የቢየላ ምት እያለበት ከላይ ጤነኛ የሆነ ሞተር ማሠራት ያዋጣል። ከታችም ከላይም ያለቀ ሞተር ግን ክራንክ፣ ፒስቶን፣ ፋሻ፣ የሲሊንደር ሬቲፊካና የቴስታታ ሥራ ሁሉ ሲደመሩበት ሒሳቡ ወደ ቅያሪ ያዘነብላል።

ተረት 7፦ «የዱባይ ሞተር ሁልጊዜ ከኦቨርሆል ይሻላል»

እውነቱ፦ ያገለገለ ሞተር ጥሩም ይሆናል፣ ከተነሳው የባሰም ይሆናል። ብዙዎቹ በዱባይና በሻርጃ የሁለተኛ እጅ ገበያ በኩል የሚያልፉ ናቸው። ሻጩ «አነስተኛ ኪሎ ሜትር የሄደ» ሲል ማረጋገጫው ምንድን ነው? ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያለው ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ ዳሽቦርዱ ደግሞ ከተፈታው መኪና ጋር ቀርቷል። ሞተሩ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም፤ የሚናገረው ተከፍቶ ሲታይ ነው።

በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት መካኒክዎን ይዘው ይሂዱ። የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈት፤ ውስጡ ጥቁር ጭቃ ወይም ቡናማ አረፋ ካለ ይለፉት። ክራንኩ በእጅ ሲዞር ያለ እክል ሙሉ ዙር ይዙር። ኮፓው ወርዶ አንድ ሁለት ብሮንዚን ይታይ። የውኃ መተላለፊያው ዝገት በዝቶበት እንደሆነ ይፈተሽ። የሞተር ቁጥሩ የተሞረደ ወይም በላዩ ላይ የተጻፈበት መሆን የለበትም። ኮዱም ከመኪናዎ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ስሙ አንድ ሆኖ ሴንሰሩና የኮምፒውተር ገመዱ የሚለያይ ሞተር ብዙ ነው።

ሌላው የማይነገረው ወጪ ነው። የተገዛው ሞተር መኪናው ላይ ከመሰቀሉ በፊት የፊትና የኋላ ኦይል ሲሎቹ፣ የውኃ ፓምፑ፣ የታይሚንግ ቀበቶው (ካለው)፣ ካንዴላውና ዋና ዋና ጓርኒሲዮኖቹ ይቀየራሉ። ሞተር ወርዶ ሳለ ርካሽ የሆነው ሥራ ከተሰቀለ በኋላ ሌላ የማውረጃ ዋጋ ያስከፍላል። ዋስትናውም በጽሑፍ ይሁን፤ «ካልሠራ መልሰው» የሚል የቃል ተስፋ ሞተሩ ከተሰቀለ በኋላ የማውረጃና የመስቀያ ዋጋ ማን እንደሚከፍል አይናገርም።

ኦቨርሆል በአንጻሩ ትልቁ ጥቅሙ የሚያውቁት ብሎክ መሆኑ ነው። ትልቁ ድካሙ ደግሞ በሬቲፊካ ቤቱ ሙያና በዕቃው ጥራት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ኮፒ ፋሻና ኮፒ ብሮንዚን የገባበት ጥሩ ሥራ ጥሩ ሥራ አይደለም። አንዳንድ አዳዲስ አሉሚኒየም ብሎኮችም ሲሊንደራቸው ስስ ካሚቻ (የውስጥ ልባስ) ስላለው አምራቾቹ ለሬቲፊካ የሚሆን ትልቅ ፒስቶን አያዘጋጁላቸውም፤ ሲሊንደራቸው ከተጫጫረ ምርጫው ይጠባል። ብረት ብሎክ ያላቸው የቆዩ ሞተሮች ግን ሬቲፊካን በደንብ ይቀበላሉ።

ተረት 8፦ «ሞተር መቀየር የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነው»

እውነቱ፦ በኢትዮጵያ የመኪና ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተመዝግበዋል። ሞተር ከነብሎኩ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፤ ሊብሬው ካልተስተካከለ በዓመታዊ ምርመራ፣ በሽያጭና በኢንሹራንስ ጊዜ ጣጣው ይከተላል። ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የገባ መሆኑን የሚያሳይ የጉምሩክ ሰነድና የሽያጭ ሰነድ የሌለው ሞተር በዋጋ ቢረክስም መጨረሻው ውድ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምን ሰነድ እንደሚፈልግ ይጠይቁ።

ኦቨርሆል ሲደረግ ብሎኩ ስለማይለወጥ ቁጥሩም እንዳለ ይቀጥላል። ይህ ብቻውን ውሳኔ ባይወስንም ሁለቱ ምርጫዎች በተቀራረቡ ጊዜ ሚዛን የሚያስደፋ ነጥብ ነው።

ተረት 9፦ «ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሸጠህ ተገላገል»

እውነቱ፦ ይህ ሕግ መኪና በየዓመቱ በፍጥነት ዋጋው በሚወርድበት አገር ይሠራል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ለአሮጌ መኪና አዲስ ሞተር ከማስገባት ሌላ መኪና ቢገዛ ብዙ ጊዜ ያዋጣዋል። እኛ ዘንድ ግን ያገለገለ መኪና ዋጋ በወጉ አይወርድም፤ ሞተሩ ያንኳኳ መኪና ሲሸጥ ደግሞ ገዢው የጥገናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የስጋቱንም ዋጋ ይቀንሳል።

ትክክለኛው ንጽጽር በጥገናውና በመኪናው የሽያጭ ዋጋ መካከል አይደለም። ንጽጽሩ «ይህን መኪና ላሠራው» በሚለውና «እንዳለ ሸጬ ጨምሬ ተመሳሳይ ጤነኛ መኪና ልግዛ» በሚለው መካከል ነው። ለንግድ መኪና፣ ለታክሲና ለሃይስ፣ ቆሞ የሚውልበት ቀንም ገንዘብ ነው። ሬቲፊካ ቤት ወረፋ እየጠበቀ የሚቆም መኪና ያጣው ገቢ ከሞተሩ ዋጋ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ባለንብረት በሕጋዊ ሰነድ የተገኘ፣ የተፈተሸ ሞተር ቢወደድም ሊያዋጣ ይችላል።

ተረት 10፦ «ሞተር የሚያንኳኳው ባለቤቱ ስላልተንከባከበው ነው»

እውነቱ፦ ብዙ ጊዜ አዎ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ይህ በተለይ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ይጠቅማል። የሃዩንዳይና የኪያ ቴታ 2 የሚባሉት 2.0 እና 2.4 ሊትር ሞተሮች ከፋብሪካ በወጣ ችግር የቢየላ ብሮንዚናቸው ይፈርስ ነበር። ክራንኩ ሲሠራ የቀረ የብረት ፍርፋሪ የዘይት መንገዱን ይዘጋው ስለነበር ነው። ሃዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 470,000 የሚሆኑ የ2011 እና የ2012 ሶናታዎችን ለጥገና ጠራ፤ በ2017 ጥሪው ሰፍቶ ሌሎች ሞዴሎችንና የኪያ መኪኖችን ጨመረ። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በ2020 ከሁለቱ ኩባንያዎች ጋር ባደረገው ስምምነት ጥሪው በወቅቱ ስላልተደረገ በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። ከተጎዱት ጋር በተደረገ የፍርድ ቤት ስምምነትም የብዙዎቹ መኪኖች ሞተር በቢየላ ብሮንዚን ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት የዕድሜ ልክ ዋስትና አግኝቷል፤ ለዚያ ግን ምቱን ቀድሞ የሚያውቀው የኮምፒውተር ማሻሻያ መጫን አለበት።

ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ የሃዩንዳይ ሶናታ ወይም የኪያ ኦፕቲማ የሚነዳ ሰው ሞተሩ ካንኳኳ ከኪሱ ከመክፈሉ በፊት የመኪናውን 17 ፊደልና አሃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር የዚሁ የደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ያስገባ። የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ማስቀመጥም እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

ተረት 11፦ «ሮዳጅ ማለት ሞተሩን ቆሞ ለሰዓታት ማሠራት ነው»

እውነቱ፦ ሮዳጅ የታደሰ ሞተርን ማለማመድ ነው፤ አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው በመጠነኛ ጭነት ነው። ቆሞ በዝቅተኛ ዙር ለሰዓታት የሚሠራ ሞተር ፋሻው በደንብ አይጫንም፤ ሲሊንደሩ ያለጊዜው ይወለወላል፣ ዘይት መብላትም ይጀምራል። የሚሻለው የዘይት ግፊቱና ሙቀቱ ከተረጋገጠ በኋላ ፍጥነትን እየቀያየሩ፣ ሳያስጨንቁ መንዳት ነው። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትር ቶሎ ይቀየራል፤ ያም ፊልትር ተቆርጦ ይታያል።

እንግዲህ ምን ይወሰን?

ጋራዡ ሞተሩን እንዲያወርድ ከመስማማትዎ በፊት አራት ቁጥሮች በወረቀት ይጠይቁ፦ የሞቀ ሞተር የዘይት ግፊት፣ የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን፣ የክራንኩ ልክ በማይክሮሜትር፣ የብሮንዚኑ ክፍተት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ኮፓው ሲወርድ የሚገኙ ናቸው። ከተቆረጠው ፊልትር ጋር ሆነው እነዚህ ቁጥሮች ክርክሩን ይጨርሳሉ።

ክራንኩ በሚሞረድበት ልክ ውስጥ ከሆነ፣ ኮምፕሬሽኑ ከተመጣጠነ፣ ብሎኩ ካልተሰነጠቀና ደህና ዕቃ ከተገኘ ማሠራት ይሻላል። ብሎኩ ከተበሳ፣ ክራንኩ ሊሞረድ ከሚችለው በላይ ከተበላ፣ ስስ ካሚቻ ያለው ሲሊንደር ከተጫጫረ ወይም ከታችም ከላይም ካለቀ ሰነድ ያለው፣ ተከፍቶ የታየ ሞተር መግዛት ይሻላል። በሁለቱም መንገድ ግን የመጀመሪያው ሞተር የሞተበት ምክንያት፣ ዘይትም ይሁን ራዲያተር፣ ታውቆ ካልተስተካከለ የተከፈለው ገንዘብ ለሁለተኛው ሞተር ቀብድ ነው። አራቱን ቁጥሮች ለመለካት ፈቃደኛ ያልሆነ ጋራዥ የሚሰጥዎት ምክር ከጎረቤትዎ ምክር በምንም አይሻልም፤ ልዩነቱ ጎረቤትዎ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው።